ያበጠው የጎረቤቴ ዓይን

እኔ ነገር ከሸተተኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጅጅጋ ላይ ጨርቅ ሸጬ የኖርኩት ተጠራጥሬ ነው፤ የተቀበልኩትን ብር ወደ ብርሃን አንስቼ ሳላይ መሳቢያ አላስገባም። ሰውንም እንደዚያው።

የኮሮናው ጭምብል በቀረበት ዓመት፣ ከሱቄ አጠገብ ሽቶ የምትሸጠው ጎረቤቴ «አዲስ አበባ እህቴን አይቼ ልምጣ» ብላ ሄደች። በአሥር ቀኗ ባሏ ሄዶ አመጣት። ስትመለስ ከኒቃቧ ላይ ጥቁር መነጽር ደርባለች። ሱቄ ውስጥ ሴቶች ብቻ ስንቀር አወለቀችው። ወይ ጉድ! ሁለቱም ዓይኖቿ አብጠው ዙሪያቸው አረንጓዴና ቢጫ ሆኗል።

«ምን ነካሽ?» አልኳት።

«መኪና ውስጥ ተጋጭቼ ነው አባዮ፣» አለችኝ። እህቴ ማለቷ ነው።

ሁለቱም ዓይን ባንዴ? ማንን ልታሞኝ! ወዲያው ባሏን ጠረጠርኩ። ከሀርሺን በግና ፍየል እያመጣ የሚሸጥ ዝምተኛ ሰው ነው። በማግስቱ ሱቄ በር ላይ አገኘሁትና «ሚስትህ ምን ሆና ነው?» አልኩት። አቀርቅሮ «እሷን ጠይቂያት» ብሎኝ ሄደ። አገኘሁት አልኩ በሆዴ፤ ንጹሕ ቢሆን ቀና ብሎ ያየኝ ነበር። ሰውየው ከሴት ጋር ሲያወራ ሁሌም እንደሚያቀረቅር ያን ቀን ማን ያስታውስ!

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። የኔ አፍ መቼ ዝም ብሎ! እንደ እናት ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ዘንድ ሄጄ «ወንድምዎ ሚስቱን ደብድቧል» አልኳት። ሴትዮዋ በሃይማኖቷ ጥብቅ ናት፣ በደልም አትወድም። ጠርታ ጠየቀችው። አንድ ቃል አልመለሰም። ሁለተኛ ቤቴ እንዳትረግጥ ብላ አባረረችው።

ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ ሱቄ ገብታ በሩን ዘጋችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቤቴን አፈረስሽው!»

ሻሿን ፈታ ፀጉሯን በጣቷ ከፈለችልኝ። ከግንባሯ በላይ፣ ፀጉሯ ውስጥ፣ ቀይ የስፌት መስመር ይታያል።

«ቅንድቤ ወርዶ ዓይኔን ተጭኖት ነበር። አዲስ አበባ የሄድኩት ለዚህ ነው፤ ሐኪም እዚህ ጋ ቀዶ የግንባሬን ቆዳ ወደ ላይ ሳበና ሰፋው። እብጠቱ ነው ወደ ዓይኔ የወረደው። አናቴን ብትቆነጥጪኝ እስካሁን አይሰማኝም።»

አላመንኳትም፤ ቆነጠጥኳት። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

«ታመሽ ነው?»

«ምን ያመኛል? ለመልኬ ነው። ከኔ ለሰው የሚታየው ዓይኔ ብቻ ነው፤ እሱም ሁሌ የተቆጣ ይመስላል። ፈጣሪ የሠራውን ለወጠች እንዳልባል፣ በተለይ እህቱ እንዳትሰማ፣ ባሌን አስምዬው ነበር።»

ክው አልኩ። ለካ ሰውየው ስሙ ሲጠፋ ዝም ያለው ለመሐላው ነው። «እኔ ሄጄ ላስረዳት» አልኳት።

«አንቺስ ይበቃሻል» አለችኝ። «እኔው እነግራታለሁ። አንቺ ግን ቁጭ ብለሽ ትሰሚያለሽ።»

አብረን ሄድን። እህትየው ፊት ሻሿን ፈታች፣ ሁሉንም ተናገረች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ስፌቱን አየች። አሁን ትረግማታለች ብዬ ስጠብቅ ስልኳን አንስታ ወንድሟ ጋ ደወለች፤ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው።

«የሚስትህን ግንባር አየሁት» አለችው።

እሱም ደንግጦ «ምን አድርጋችኋት ነው? አስገድዳችሁ ነው ሻሿን ያስፈታችኋት?» አለ።

እህትየው አለቀሰች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።