የሚኤሶ ምክርና የአባቴ ጉልበት

እስቲ ይሄን ስሙኝ። ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙኝ። ትምህርቱን ከመንገድ የተውኩ ሰው ነኝ፣ ቃል አሳምሬ አላወራም፤ ግን ያየሁትን አይቻለሁ። የአባቴ ግንባር መሬት ሲነካ አይቻለሁ።

ይሄ ምን ይገርማል የሚል ካለ አባቴን አያውቀውም። አባቴ ጭሮ ነው የሚኖረው፣ ዕድሜውን ሙሉ ቁጢጥ ብሎ ጫት ሲያስር የኖረ ሰው ነው። ቁጢጥ ማለቱ ጉልበቱን በላው። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ፣ ያ ደረቅ ንፋስ ከተራራው መውረድ ሲጀምር፣ ጉልበቱ የዛገ ማጠፊያ ይሆናል። ሆስፒታል ወስጄዋለሁ። የዕድሜ ነው አሉን፣ ኪኒን ሰጡን። ኪኒኑ ያስታግስለታል እንጂ አያጥፍለትም። ስለዚህ ብርዱ እስኪያልፍ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚሰግደው።

ወንበር ላይ መስገድ ይፈቀዳል፣ ሼኹም ነግረውታል። አባቴ ግን አይዋጥለትም። መስጊድ ውስጥ ሰው ሁሉ ግንባሩን መሬት ሊያስነካ ሱጁድ ሲወርድ እሱ ብቻ ከላይ ይቀራል። አንድ ቀን አብረን ስንመለስ፣ "ሰው ሁሉ ለአላህ ዝቅ ሲል እኔ ከፍ ብዬ መታየቴ ያሳፍረኛል" አለኝ። ከዛች ቀን ወዲህ ያንን ጉልበት እንደ ደመኛ ነው የማየው።

እኔ እንጀራዬ ሚኤሶ ነው። ጫኝና አውራጅ ነኝ። ሚኤሶ ላይ ክረምት ወጣ ማለት እሳት ገባ ማለት ነው። ከንፈሬ ይሰነጠቃል፣ ሆዴ ይቃጠላል፣ ቀና ብሎ ያየኝን ሰው ሁሉ ልደባደበው ያምረኛል። አንድ ቀን የጭነት መኪና እየጠበቅን ጥላ ስር ተጋድሜ፣ ስልኬ ላይ አንድ ሰውዬ በአማርኛ ስለ አዩርቬዳ ሲያወራ አገኘሁ። የህንዶች የጥንት ህክምና ነው። ከዝናብ በኋላ ሰውነት ውስጥ ሙቀት ይከማቻል ይላል፤ የሚያቃጥል ነገር ቀንሱ፣ ወተት ጠጡ፣ ሀባብና ኪያር ብሉ፣ በቀትር ፀሐይ አትውጡ። ለወዛደር በቀትር አትውጣ ይላል፣ አያፍርም። ቢሆንም የቻልኩትን አደረግኩ። ሚጥሚጣውን ተውኩ፣ ጫቱን ቀነስኩ፣ ማታ ማታ የግመል ወተት ያዝኩ። ወላሂ ሰው ሆንኩ። ጓደኞቼ፣ ዘንድሮ ማንንም አልሰደብክም፣ አሞሃል እንዴ ብለው ጠየቁኝ።

ይሄን እውቀቴን ይዤ ወደ ጭሮ ወጣሁ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲጨርስ ሁሉም ሰው ጃኬቱን ይለብሳል። እኔም ለበስኩ። ጃኬቴን ለብሼ፣ ሀባብ ታቅፌ፣ አባቴን ላቀዘቅዝ እቤት ገባሁ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ሆጃ ነው የምትሰጠው፣ የቡና ገለባ በወተት አፍልታ። ከለከልኳት። ወተቱን ቀዝቃዛውን ይጠጣ አልኩ። ዝንጅብሉም ይቅር አልኩ። አባቴ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሀባቡን እየበላ፣ ልጅ ሲማር እንዲህ ነው ይላል ለእናቴ።

ሳምንት ሳይሞላ ጉልበቱ ጭራሽ ተቆለፈ። ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ እንኳን ደግፉኝ አለ።

በሽቄ የአዩርቬዳውን ሰውዬ ልሰድበው ስልኬን ከፈትኩ። ለመስደብ ያህል እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ለካ እንደ ትምህርቴ እሱንም ከግማሽ ነው የተውኩት። መጨረሻው ላይ ምን ይላል፣ ወሩን ብቻ አትዩ፣ የቆማችሁበትን ቦታ እዩ። ቦታው ብርድና ደረቅ ንፋስ ያለበት ከሆነ ሰውነት ይደርቃል፣ መገጣጠሚያ ይይዛል። እዛ የሚያስፈልገው ሙቀትና ቅባት ነው፤ ትኩስ ምግብ በሰዓቱ፣ እንቅልፍ በጊዜ፣ የሰሊጥ ዘይት ሞቅ አድርጎ መታሸት፣ ከዛ በሙቅ ውሃ መታጠብ።

ስልኩን ይዤ ደጃፍ ወጣሁ። ታች ሚኤሶ ግመሎቹ ጥላ ይፈልጋሉ፣ እዚህ አባቴ ጋቢ በጋቢ ላይ ይደርባል። ያው አንድ ወር፣ ያው አንድ ፀሐይ። የሱም ሰውነት የኔም ሰውነት የት እንደቆሙ ያውቃሉ፣ ያላወቅኩት እኔ ነኝ። ህንድ አገርን በስም ነው የማውቃት። እዛ ያሉ የጥንት ሰዎች የጭሮን ንፋስ አንድም ቀን ሳይነፍስባቸው እንዴት አወቁት አልኩ።

የሰሊጥ ዘይት ገዝቼ፣ አሙቄ፣ የአባቴን እግር ጭኔ ላይ አደረግኩ። ከትንሽነቴ ወዲህ ነክቼው አላውቅም ለካ። አፈሰስኩበት፣ ጠፋ። ደግሜ አፈሰስኩ፣ ጠፋ። ቆዳው ዝናብ የናፈቀው መሬት ነው የሚመስለው። መሀል ላይ ጫት አብሮት የሚቅመው የበርጫ ጓደኛው፣ ጎረቤታችን ሽማግሌ፣ ገባና አየን።

"ሳምቡሳ ልታደርገው ነው? መጀመሪያ በሊጥ ጠቅልለው እንጂ" አለኝ።

"ምስሩ አንተ ነህ፣ ና ግባ" አለው አባቴ።

ጫቱን ተው አላልኩትም፤ ጭሮ ውስጥ እንዲህ የሚል ልጅ ከቤት ይባረራል። ትኩስ ምሳ ሳይበላ በርጫ እንዳይቀመጥ፣ ከጫቱ ጋር የሚጠጣውን ቀዝቃዛ ለስላሳ ትቶ ሙቅ ውሃ እንዲጠጣ ብቻ ለመንኩት። ሆጃውም ዝንጅብሉም ተመለሱ። ያስቸገረን መታጠቢያው ነው። ግቢያችን ውስጥ ቧንቧ አለ፣ ስትከፍተው ያፏጫል እንጂ ውሃ አይወጣውም። እናቴ ለመጠጥ ካስቀመጠችው ጀሪካን ቀንሳ በማንቆርቆሪያ ታሞቅልናለች፣ እኔ ፎጣ እየነከርኩ እጠርገዋለሁ። ወደ ሥራ ስሄድ እሷ ታሸዋለች።

አንድ ቀን የቀትሩ ስግደት፣ የዙህር ሰዓት ደርሶ፣ ወንበሩን ላመጣለት ስነሳ በእጁ ቆይ አለኝ። መስገጃው ላይ ቆመ። አጎነበሰ። ከዛ አንዱን እጁን መሬት አሳረፈ፣ ሌላውንም። ጉልበቱ ቀስ እያለ ታጠፈ፣ ታጠፈ፣ ታጠፈ፣ ግንባሩ ወረደና ነካ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ በሻሿ አፏን ይዛለች። አላህ ሰውን ከምን እንደሠራው ያን ቀን ነው የገረመኝ፤ ዘይትና ሙቅ ውሃ የሚገባው አጥንት።

ሰላምታውን አሰላምቶ ሲጨርስ ግንባሩን ዳበሰ። "ኢልመ ኮ" አለኝ፣ ሲደሰት ልጄ የሚለኝ በኦሮምኛ ነው፣ "መሬቱ ይቀዘቅዛል ለካ። ረስቼው ነበር።"

ዘይቱ ተአምር ነው አልልም። ኪኒኑንም አልተወም። መታሸቱ ከተቋረጠ ጉልበቱ ይመለሳል፣ አይተነዋል። አሁንም ተቋርጧል። ዘይቱ ሞልቷል፣ ውሃው ነው የጠፋው። የምናገኛት ጀሪካን ለመጠጥና ለድስት ነው፤ ከስግደት በፊት ለሚታጠበው ውዱእ እንኳን በውሃ ፈንታ በአፈር ተየሙም እያደረገ ነው። ሳይታጠብ ልሸህ ስለው፣ በዘይቱ ላይ አፈር ተለጥፎብኝ ጡብ ልሁን ይለኛል። ይስቃል፣ ግን ትናንት ለዙህር ወንበሩን ራሱ ጎትቶ አመጣው። ሰግዶ እስኪጨርስ መሬት መሬቱን ያያል።

እናንተ የከተማችን ሹሞች፣ የታሸገ ውሃ ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ ስለ ቧንቧችን የምትሰበሰቡ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ አባቴን ከመሬት የከለከለው ጉልበቱ ነው ወይስ እናንተ?