በጌሾ ፈንታ ዳፍና

ከዚህ በፊት ደብዳቤ እንኳ ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፌም አያምርም። ግን ይህን ነገር በአፌ ስጀምረው ድምፄ ይጠፋብኛል።

የጀልባ ማቆሚያው፣ ማሪናው አጠገብ ባለ ምግብ ቤት ሳህን አጥባለሁ። የዓሣው መረቅ ሲወጣ ዳፍና የሚሉትን የዛፍ ቅጠል ለቅሜ የምጥለውም እኔ ነኝ። ዳፍና ሽታውን ለመረቁ ይሰጣል እንጂ አይበላም፤ ጉሮሮ ይይዛል። አብሳይዋ ሞሮኳዊት ናት፤ ነቀዝ እንዳይገባ ብላ ዱቄቱና ምስሩ ውስጥም ትከተዋለች። አንድ ቀን ከደጇ ዛፍ ቆርጣ ያደረቀችውን አንድ ከረጢት ሙሉ ሰጠችኝ።

በዚያው ሳምንት እናቴ ለአባቴ አዝካራ፣ ለሙት ዓመቱ ማለት ነው፣ ጠላ ልትጠምቅ ፈለገችና ጌሾ እንድገዛ ላከችኝ። ጌሾ ያለው ሮቫ ቫቭ በሚባለው ሰፈር፣ በአገራችን ሰዎች ሱቅ ነው። በሩ ላይ የሚቀመጡት ሴቶች ባዩኝ ቁጥር፣ "አንቺ ልጅ፣ ሠርግሽን ሳንበላ ልንሞት ነው?" እያሉ ይስቁብኛል። ያን ቀንም ተቀምጠዋል። ከሩቅ አይቻቸው ተመለስኩ።

ቤት ገብቼ ዳፍናውን ወቀጥኩት። ሲደርቅ ጌሾ ይመስላል፤ የእናቴም ዓይን ደክሟል።

"ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?" አለችኝ።

"የዘንድሮ ጌሾ እንዲህ ነው፣ እማ።"

አመነችኝ።

በአዝካራው ቀን አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አንዴ ተጎነጩና ብርጭቆውን አስቀመጡ።

"እህቴ፣ ይሄ ጠላ ነው የዓሣ መረቅ? ዳቦ አምጡና እናጥቅስበት!"

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። እናቴ አንገቷን ደፍታ፣ "እጄ አርጅቷል፤ ይቅር በሉኝ" አለች። እኔ ጆጉን ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ። "እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። ግን ጆጉን ይዤ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ብርጭቆዎቹ እንደሞሉ ቀርተው ነበር። እናቴ አንዱን አንስታ ቀመሰችው፤ ደግማ ቀመሰችው። "ከእንግዲህ አልጠምቅም" አለች።

ያኔ ነገርኳት፤ ከረጢቱንም፣ ሱቁንም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር።  እሷ ግን ስልኩን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው።

"ለአጎትሽ ደውዪ። የተሳቀብኝ ሰው ፊት ነው፤ አንቺም ጥፋቱ የአንቺ መሆኑን በራስሽ አፍ ንገሪው።"