ከጎን የተሣለ ፊት

ደብረ ታቦር ማሩን የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ በብየዳውና በቡጢው። በር ያሠራው ሰው በሩ እስኪዝግ ድረስ ያመሰግነዋል፤ ቡጢውን የቀመሰ ደግሞ የጎደለ ጥርሱን በምላሱ በነካ ቁጥር ያስታውሰዋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ቶሎ የሚነድ ሰው ነበር፤ በዚህ አገር ደግሞ ቶሎ ለሚነድ ሰው ክብሪት የሚያቀብል አይጠፋም።

ንዴቱ መቼ እንደጀመረው ይታወቃል። ያደገው ከጋፋት ወረድ ብሎ ባለ መንደር ነው። በመሬት ድልድሉ ጊዜ ከአባቱ እርሻ ተቆርጦ ለጎረቤታቸው ለደሞዜ ደረሰው። የማሩ ታላቅ ወንድም ሙላቴ፣ ደሞዜ ሲያርስ ወሰን ገፋ አለ፤ ደሞዜ አልገፋሁም አለ። ቃል ዱላን ጠራ፣ ዱላ ምሳርን ጠራ። ማሩ ያን ጊዜ ሰብሉን ከዝንጀሮ ሊጠብቅ ማማ ላይ ነበርና ሁሉንም አየ። የደሞዜ ምሳር የሙላቴ አንገትና ትከሻ ከሚገናኙበት ላይ ገባ፤ ሲነቀልም ድምፅ ነበረው። ማሩ ወንጭፉን አሽከርክሮ ለቀቀ። ድንጋዩ የደሞዜን ግራ ዐይን አፈሰሰው።

ሙላቴ ቤት ሳይደርስ ሞተ፣ ደሞዜም ወህኒ ወረደ። ፍርዱን ጨርሶ ሲፈታ ሽማግሌ ገባ። ደሞዜ በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች እናት ከወይዘሮ ፈንታነሽ እግር ሥር ወደቀ። ሁለቱ ቤት ማሉ፤ ከእንግዲህ ወዲያ ደሙን በቃልም ሆነ በምልክት ያነሣ ዕርቁን እንዳፈረሰ ይቆጠራል ተባለ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ከዕርቁ ድግስ አንዲት ጉርሻ አልቀመሱም። ማሩ ከከተማ ሊጠይቃቸው በሄደ ቁጥር፣ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እያሉ ነበር የሚሸኙት። ሞኙ ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ከጥቂት ዓመት በኋላ በግቢው ውስጥ አንድ ጋለሪ ተቋቋመ። ሥዕል የሚሰቀልበትን ብረት የበየደው ማሩ ነው። የጋለሪው ኃላፊ እፀገነት ከአዲስ አበባ የመጣች መምህርት ስትሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለከተማው ሰው ሁሉ የሥዕል ሥልጠና ትሰጣለች፤ አንዳንዴም አዋቂ ሰው ጠርታ ንግግር ታሰማለች። ማሩንም ና አለችው። ስንት ነው ቢላት በነፃ ነው አለችው። ወረቀቱስ? በነፃ። ከሰሉስ? እሱም በነፃ። ከሰል እንኳ በነፃ የሚያድል ሰው ጤና የለውም ብሎ፣ ሊስቅባቸው ሄደ።

ሳቁ አንድ ቅዳሜ እንኳ አልቆየም። የሥዕል ከሰል ሲጫኑት ይሰበራል፣ ሲያባብሉት ይታዘዛል፤ ለማሩ እጅ ይኼ አዲስ ነገር ነበር። የራሱን ጫማ ሣለ፣ የብየዳ መነጽሩን ሣለ፣ የእፀገነትን ጃንጥላ ሣለ። ሚስት አግብቶ የማያውቀው ሰውዬ ቅዳሜን እንደ ሙሽራ መጠበቅ ጀመረ። ጠላ ቤት ውስጥ ሰው ሲነካካው እንኳ ለጣቶቹ እየሳሳ ዝም ማለት ለመደ፤ ይኼን ያየ ሰው ሁሉ ማሩ ታመመ እንዴ ብሎ ጠየቀ።

አንድ ቅዳሜ ሥራ አዘግይቶት ሲደርስ ሰዎቹ መሣል ጀምረዋል። መሐል ወንበር ላይ የተቀመጠው ደሞዜ ነበር። ደሞዜ በግቢው አትክልተኛነት ከተቀጠረ ሰንብቷል፤ ማሩም ይኼን ስለሚያውቅ በጓሮው በኩል አልፎ አያውቅም። እፀገነት ግን የሰዎቹን ደም ከየት ታውቃለች? ፊታቸው ታሪክ አለው ብላ፣ የውኃ ማጠጫ ጎማውን አስጥላ አምጥታ አስቀመጠችው።

ማሩ በሩ ላይ ቆመ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ ያንን ፊት እያዩ መሣል የማይሆን ነገር ነው። ሊመለስ አሰበ። ሰዉ ሁሉ ከፊት ለፊት ተደርድሮ የጠፋውን ዐይን እያየ ይሥላል፤ አንዱ ጎረምሳ ጉድጓዱን በጥቁር ደፍኖ ለጓደኛው እያሳየ ይስቃል። ያ ጉድጓድ የማሩ የእጁ ሥራ ነው። አፈረ። ይኼን ፊት ባሰበ ቁጥር ሲናደድ ኖሮ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረ። በርጩማውን አንሥቶ በደሞዜ ቀኝ ዞረ፤ ደህናው ዐይን ባለበት በኩል ተቀመጠና ከጎን ሣለው። ጨርሶ ቀና ሲል ደሞዜ ከኋላው ቆሞ ወረቀቱን ያያል። አይቶም ወደ አበቦቹ ተመለሰ።

እፀገነት ሥዕሎቹን ግድግዳ ላይ ሰቀለች፤ የማሩንም መሐል አደረገችው። በሳምንቱ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንዲናገሩ ከጣራ ገዳም በኩል አንድ መሪጌታ ተጋበዙ። አዳራሹ ሞላ። ከመጡት አንዱ የደሞዜ የወንድም ልጅ ባጃጅ ነጂው ባንተአምላክ ነበር። መሪጌታው ደግ ሰው ናቸው፣ አነጋገራቸውም ጣፋጭ ነው። አባቶቻችን ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዐይን ይሥሉታል አሉ። ኃጥኡን፣ ጋኔኑን፣ ጌታችንን የገረፉትን ጭፍሮች ግን ከጎን፣ በአንድ ዐይን። ምእመኑ ከክፉ ጋር ዐይን ለዐይን እንዳይገጣጠም ነው አሉ።

ከጀርባቸው የተሰቀለውን አላዩትም። ሰዉ ግን አየ። መጀመሪያ አንዱ አንዱን በክርኑ ጎሰመ፣ ከዚያ ሹክሹክታው ከወንበር ወንበር ዞረ። ማሩ ከኋላ ወንበር ሆኖ የራሱን ሥዕል ተመለከተ፤ አንድ ዐይን።

ከግቢው በር ውጭ ጠበቁት፤ ባንተአምላክና ሦስት ጓደኞቹ። ባንተአምላክ ደማችንን በምልክት አነሣህ አለው። ማሩ ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ ከፍቶም ቀረ። ለምን ወደ ቀኝ እንደዞረ ለመናገር ስለ ድንጋዩ ማንሣት አለበት፣ ድንጋዩን ሲያነሣ ምሳሩን፤ በቃል አላነሣም ብሎ ምሏል። መሐላው አፉን ዘጋው፤ ዝምታውንም እንደ ማመን ቆጠሩት። የመጀመሪያው ምት ከጆሮው ሥር አረፈ። ማሩም የዋዛ አይደለም፤ የአንዱን አፍንጫ ሰበረ፣ ሌላውን ቦይ ውስጥ ጣለው። ለአራት ግን አንድ ነው። አስተኝተው በጉልበታቸው ደረቱን ተጫኑት።

«የሣልህበት እጅህ የትኛው ነው?» አለው ባንተአምላክ።

ማሩ ፊቱ ላይ ተፋበት። ቀኝ እጁን ጎትተው ቦዩ ጠርዝ ላይ አጋደሙትና ባንተአምላክ በጎማ መፍቻ ብረት ወረደበት። የመጀመሪያው አልበቃውም። በሦስተኛው አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸና ጣቶቹ ወደማይታጠፉበት ታጠፉ።

ወጌሻ አሽቶ በቀርከሃ አሰረለት። እፀገነት እያለቀሰች መጣች፤ ከጎን መሣል እኮ የተለመደ ነው፣ ለምን አልነገርካቸውም አለችው። ነገሩ ግን እግር አውጥቶ ጋፋት ደርሷል። ወይዘሮ ፈንታነሽ የማሩን የአጎት ልጅ አንዱአምላክን አስከትለው ብየዳ ቤቱ ድረስ መጡ። አንዱአምላክ ጋቢ ለብሷል፤ ከጋቢው ሥር ክላሽ አለ። ዕርቁን ያፈረሱት እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ ደሙ ተመልሷል አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ፤ የሚከፍለውም ጎረምሳው ሳይሆን የቤቱ ትልቅ ነው። ማሩ ነገሩ ይቅር ቢል፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ብለው አፉን አስያዙት። እናት ናቸው፣ ምን ይባላሉ?

ደሞዜን ፍለጋ መሄድ አላስፈለጋቸውም። ቡናቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ራሱ መጣ፤ ዱላ ሳይዝ፣ ባዶ እጁን። አንዱአምላክ ከተደረደረው ላሜራ ኋላ ገባ። ደሞዜ ወይዘሮ ፈንታነሽን ሲያይ ቆቡን አውልቆ ከደጅ ቆመ።

«አልገባም፤ ከዚሁ ሁኜ ልናገር» አለ። «ባንተአምላክ ያደረገውን እኔ አላዘዝኩትም። ሥዕሉን ለምኜ ወስጄ ቤቴ ሰቅየዋለሁ። ማሩ በርጩማውን ተሸክሞ ወደ ቀኜ ሲዞር አይቸዋለሁ። ጉድለቴን ሊሸፍንልኝ ነው። ሰው ሁሉ ሲስቅበት ኑሯል፤ የሸፈነልኝ እሱ ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ወደ ላሜራው ዞሩ። «አንዱአምላክ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

ማሩ ክላሹ ሲቀባበል ሰማ። ደሞዜም ሰማ፤ ግን አልተንቀሳቀሰም። ማሩ ደሞዜ እንዲሞት ፈለገ፤ መዋሸት አያስፈልግም፣ ከልቡ ፈለገ። ምሳሩ ሲነቀል የሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮው ውስጥ አለ። ዝም ማለት ብቻ ይበቃው ነበር፤ እጁ የተሰበረ ሰው ዝም አለ ተብሎ ማን ይወቅሰዋል? የአፈሙዙን ጫፍ ከላሜራው ጠርዝ ሲወጣ አየ። በግራ እጁ የፌሮ ብረት አንሥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ የአንዱአምላክን ክንድ መታው።

ጥይቱ የጣራውን ቆርቆሮ በስቶ ወጣ። አንዱአምላክ ጮኾ በጉልበቱ ወደቀ፤ የክንዱ አጥንት ቆዳውን ቀዶ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ደሙ ከብረት ብናኙ ጋር ይለወሳል። ማሩ ክላሹን በእግሩ ረገጠና እንደገና ሊነሣ የቃጣውን የአጎቱን ልጅ ትከሻው ላይ ደገመው። ከዚያ ፌሮውን ጣለ። እያለቀሰ መሆኑን ያወቀው እንባው ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ነው።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ነጠላቸውን ቀደው የአንዱአምላክን ክንድ አሰሩ። ደግፈው አስነሡት። ማሩ «እማዬ» አለ፤ ዞር ብለው አላዩትም። በሩ ላይ ሲደርሱ ከደሞዜ ፊት ቆሙ።

«የፊተኛውን በምሳር ወሰድኸው» አሉት። «ይኸኛውን ደግሞ እጅህን ሳታነሣ ወሰድኸው። እንግዲህ ልጅ የለኝም።»

አንዱአምላክን አስከትለው ወደ መናኸሪያው መንገድ ወጡ። ደሞዜ ደጁ ላይ፣ ማሩ ክላሹን እንደረገጠ ውስጥ፣ ሁለቱም ቆመው ቀሩ።