አባዬ ኔትወርክ የፈለገባቸው ግድግዳዎች

ዋይፋይ ቤታችን ያስገባችው እህቴ ናት። አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ ዕረፍቷ እሑድ ነው። «የአባዬን ፊት ካላየሁ ያረፍኩ አይመስለኝም» ብላ ነዘነዘችኝ። አራዳ ሰፈር ኮምፒውተር የምጠግን እኔ ነኝና መስመሩን አስገብቼ ራውተሩን ሳሎን ብፌው ላይ አስቀመጥኩት።

ቤታችን በጣሊያን ጊዜ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው። ኔትወርኩ ከሳሎን አልፎ አባዬ መኝታ ቤት አይደርስም። ስለዚህ እሑድ እሑድ አባዬ ልቡን እያመመውም ቢሆን ተነስቶ ሳሎን በር ላይ ይቀመጥና ያወራታል። ዕድሜውን መንገድ ሥራ ላይ ፎርማን ሆኖ የኖረ ሰው ነው። «ኤዲያ! ስንቱን ተራራ ቆርጠን አሁን አንድ ግድግዳ ያቅተን?» ይላል። እሷ ከዚያ ማዶ ትስቃለች።

እህቴ ሞተች። ድንገት ታማ፣ በሁለት ቀን። ጓደኛዋ የደወለችው ለእኔ ነው፤ ሱቅ ውስጥ የሰው ላፕቶፕ እንደፈታሁ ቀረሁ። እንፍራንዝ ላለው አጎቴ ደወልኩ። መርዶ በእኛ አገር እንዲሁ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ይገባል እንጂ። «አስከሬኗ እስኪመጣ አፍህን ያዝ። አባትህ ልበ በሽተኛ ነው» አለኝ።

አፌንስ ልያዝ፣ ፌስቡክን ማን ይይዘዋል? ጓደኞቿ ፎቶዋን ከሻማ ጋር እየለጠፉ ነው። እማዬ ማንበብ ባትችልም በአባዬ ስልክ ፎቶ ታያለች። የአባዬ ስልክ ያለ ዋይፋይ ምንም አይገባለትም። በምሳ ሰዓት ቤት ሄድኩና ከግድግዳው ወደ ራውተሩ የሚመጣውን ገመድ በትንሹ ሳብ አደረግሁት። ላየው ሰው የተሰካ ይመስላል።

እሑድ ሆነ። «ምነው ልጄ ቀረች?» አለ አባዬ።

«ኔትወርኩ ደክሟል።»

ምላሴን በቆረጠው! እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት? ባለሙያ ነኛ! የብፌው መስተዋት ሲግናል ይመልሳል አልኩት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ አባዬና እማዬ ብርጭቆውን ሁሉ አውጥተው ብፌውን ወደ ማዶ ጎትተውታል። አባዬ ላብ በላብ ሆኖ ደረቱን ይዟል።

«እንዴ አባዬ! ምን ነካህ?»

«ደረቴን ተወው። አሁንስ ይሠራል?»

ብፌው ቦታው ሲቀየርም ገመዱ እንደላላ ነበር። ዓይኑን ማየት አቃተኝ። አባዬ ጠመኔ ይዞ ግድግዳ ለግድግዳ ይዞር ጀመር። ስልኩን ዘርግቶ ይቆማል፤ ስልኩ ሁለት መስመር ካሳየው ሁለት፣ አንድ ካሳየው አንድ ያሰምራል። ድሮ መንገድ ሲለካ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ዜሮ ጻፈ፣ ሳሎን አራት።

«ሳሎን ሙሉ ነው» አለኝ በዚያው ሰኞ ማታ እራት ላይ። «ሙሉ ከሆነ ምነው ታዲያ የእሷ አይገባም?»

ደነገጥኩ። «ችግሩ ከውጭ መስመሩ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ጎረስኩ።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም። እማዬ ከጓሮ በገባች ቁጥር «ዛሬስ ልጄን አየህልኝ?» ስትለው «ገና ነው፣ ኔትወርኩ አልያዘም» ይላታል። ጠመኔውን ይዞ መዞሩንም አልተወም። እኔ ጅሉ፣ ውሸቴ ሠራልኝ ብዬ እፎይ አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እሮብ ዕለት እንዲያውም ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

አስከሬኗ ቅዳሜ የሚገባ ሆነ። የዚያን ቀን ጎህ ሲቀድ አጎቴና መርዶ ነጋሪ ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩ። እማዬ ጓዳ ነበረች። ወደ አባዬ ክፍል ቀድሜ ገባሁ፤ ልቡ ድንገት እንዳይቆም ብዬ መድኃኒቱን በእጄ ይዣለሁ። አባዬ ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ አልጋው ላይ ተቀምጧል። አልጋው አልተተኛበትም።

«መጡ?» አለኝ።

መድኃኒቱን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት።

«ውኃ ካልደረሰ ቧንቧውን ከምንጩ ነው የሚያዩት። ማክሰኞ ገመዱን ነካሁት፣ ላልቷል። ገፋ ሳደርገው ሁሉም ባንዴ ገባ። ፎቶዋ፣ ሻማው፣ ነፍስ ይማር የሚለው።» ስልኩን አቀበለኝ። «መጀመሪያ ለራሷ ደወልኩላት። ይጠራል።»

ሦስት ጊዜ ደውሎላታል፤ ስልኩ ላይ አለ።

«ገመዱን ግን ትናንትም እንደላላ ነው ያገኘሁት» አልኩት።

«እኔ ነኝ መልሼ የሳብኩት፤ እናትህ እንዳታይ። ለብቻዋ ከምታየው ሰው መሃል ሆና ትስማው ብዬ ነው።» ተነሳ፤ ትከሻዬን ይዞ ቆመ። «አራት ቀን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠህ ስትዋሸኝ አንጀቴን በላኸው፣ ልጄ። አይዞህ ልልህ ፈልጌ፣ እንዳወቅሁ እንዳታውቅ ብዬ ነው የተውኩት።»

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ገብተዋል። እማዬ ከጓዳ ወጥታ «ምነው በጠዋቱ፣ በደህና ነው?» ስትላቸው ሰማናት፤ አባዬ ትከሻዬን ለቆ ወደ እሷ ሄደ።