አሸናፊውን አስቀድመው የማይናገሩት አጎቴ

ይህን የምጽፈው የአጎቴ አነጋገር ከጆሮዬ ሳይጠፋ በወረቀት ላይ እንዲቀር ነው። በየዓመቱ ሦስት ሳምንት የሚፈጀውን የፈረንጅ አገር የብስክሌት ውድድር ሐይቅ ከተማ ባለው ቤታቸው በቴሌቪዥን ይከታተሉ ነበር። ከሥራ ስመለስ ያመለጠኝን የዕለቱን ጉዞ ይተርኩልኛል።

«ማን አሸነፈ?» እላቸዋለሁ።

«ኧረ ቀስ በል፣ የኔ ልጅ! ዳገቱን ሳትወጣ? ወላሂ፣ የዛሬው ከአምባሰልም የከፋ ነው፤ ቁጭ በልና አብረን እንውጣው!»

ዘንድሮ ውድድሩ ሳያልቅ አረፉ። ለቅሶ ላይ ስለተቀመጥን ቴሌቪዥኑ ሦስት ቀን ተዘጋ። በአራተኛው ቀን ጎረቤታችን ሊያጽናናኝ ብሎ የሦስቱንም ቀን አሸናፊዎች ስም ነገረኝ፤ ስለ ዳገቱ ግን አንድም ቃል አልነበረውም።

ያጣሁት የሦስት ቀን ውድድርና አንድ አጎት ነው።