የአባባ ባርኔጣና የበቆሎው ገንፎ

አባቴን የጣለው ሰላምታ ነው። ሰው ወሬውን ሲሰማ ቢስክሌቱን ያማርራል፣ መንገዱን ይረግማል። እኔ ግን የማውቀውን ልናገር፦ ቢስክሌቱም መንገዱም ምንም አላደረጉም። የጣለው ጨዋነት ነው።

ስሙ ዓባይነህ ነው፤ ቴፒ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ከገበያው በላይ ባለችው የቆርቆሮ በረንዳ ሥር የስፌት መኪናውን አስቀምጦ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስንት ዘመን ሠራ። እናቴ ወይዘሮ በየነች፣ በወጣትነቱ ከመርሐ ቤቴ ሲመጣ ይዞት የመጣው አንድ መቀስና ሰላምታ ብቻ ነው ትል ነበር። እውነቷን ነው፣ ሰው ሰላም ሳይል አያልፍም። ቁጭ ብሎ ሰላም ማለት ደግሞ እሱ ዘንድ ነውር ነው፤ ብድግ ይባላል፣ ባርኔጣ ይነሣል፣ ጎንበስ ይባላል። በእግሩ ሲሄድ ቢያደርገው ማን ይከለክለዋል? እሱ ግን ቢስክሌት ላይም ያደርገዋል። ከኮርቻው ተነሥቶ ፔዳሉ ላይ ይቆምና፣ በቀኝ እጁ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ጤና ይስጥልኝ ይላል። ቢስክሌቱ እየሄደ! እናቴ፣ ይሄ ሰላምታህ አንድ ቀን ጉድ ያደርግሃል ስትለው ይስቅ ነበር።

ያ ቀን በ1996 ዓ.ም. ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ በዕለተ ቅዳሜ መጣ። እናቴ ቤት አልነበረችም። ታላቅ እህቴ ፀደንያ ሸኮ ላይ ወንድ ልጅ ተገላግላ፣ እሷን ልታርስ ከሄደች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ቤቱ ለአባቴና ለእኔ ቀርቷል። እኔ ሔዋን እባላለሁ፤ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ወጥ ቤት የሚባለውን ነገር ዓይኑን ማየት አልወድም ነበር። ወቅቱ ቡና የሚለቀምበት ስለሆነ ሰው ሁሉ ልብስ የሚያሰፋው ያኔ ነው። አባቴ ሰፍቶ የጨረሳቸውን ስድስት ሱሪዎች ከኋላ አስሮ ወደ ገበያ ቁልቁል ሲወርድ፣ የእድራችን ዳኛ አቶ ተረፈ ከታች ብቅ አሉ። አባቴ ብድግ አለ። ቀኝ እጁ ወደ ባርኔጣው ሄደ። ግራ እጁ ብቻውን ፍሬን ያዘ፤ የዚያ ቢስክሌት የግራ ፍሬን ደግሞ የሚይዘው የፊቱን ጎማ ነው። ጎማው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ አባቴ ግን አልቆመም።

አቶ ተረፈ እንደነገሩን፣ በመሪው ላይ ተወርውሮ በሁለት እጁ አረፈ። ከዚያም ጭቃው ላይ በደረቱ እንደተኛ፣ ባርኔጣውን እንደያዘ፣ ቀና ብሎ ቤተሰብ ደኅና ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ቴፒ አንድ ወር ሙሉ በዚህ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሁለቱም እጆቹ ከአንጓቸው ላይ ተሰብረው ነበርና ሳቅ ከየት ይምጣ?

ሚዛን ሆስፒታል ልንወስደው መኪና ውስጥ ስናስገባው አንድ ነገር አስማለኝ፦ እናቴ እንዳትሰማ። ከሰማች አራሷን ጥላ ትመጣለች፤ ፀደንያም ትደነግጣለች፣ ለአራስ ደግሞ ድንጋጤ ጥሩ አይደለም። እሺ አልኩ። ችግሩ፣ የሚዛን መንገድ በሸኮ ነው የሚያልፈው። መኪናው ሸኮ ላይ ሰው ሊያወርድ ሲቆም አባቴ ጋቢውን በራሱ ላይ እንድጎትትለት በዓይኑ ለመነኝ። ጎትቼ ሸፈንኩት። የተሰረቀ በግ የደበቅሁ መሰለኝ።

ሚዛን ራጅ አነሡት። ሁለቱንም እጁን ከጣቶቹ ሥር እስከ ክርኑ በላይ ድረስ በጀሶ ጠቀለሉለት። ወጣቱ ሐኪም ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ ሲለው እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ "እንግዲያው በደንብ ይብሉ" አለው። "አጥንት የሚጠገነው በምግብ ነው። ካልበሉ ይህ እጅ ከአምስት ሳምንት በኋላ ሲወጣ መርፌ አይዝም።" አባቴ ጎንበስ ብሎ አመሰገነው። ባርኔጣውንም ሊያነሣ ሞክሮ ነበር።

ቤት ስንመለስ መብላት አቆመ።

አምሮቱ ጠፍቶ አይደለም። ክርኑ አይታጠፍም፤ ስለዚህ የሚያበላው ሰው ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ያንን አልፈልግም አለ። ሻይ በስትሮ ይጠጣል፣ ሌላ ምንም የለም። ጎረቤታችን ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ሽሮ ሠርተው መጡና ማንኪያ ይዘው አጠገቡ ቁጭ ቢሉ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ስቦ፣ በጨዋ ደንብ፣ በልቼ ነው የመጣሁ አላቸው። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ አልጋው ላይ ተቀምጦ! ከየት ነው የመጣኸው ልለው ስል እሳቸውን አፍሬ ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን የሕመም ማስታገሻው ክኒን ባዶ ሆዱን አቃጠለው። ወደ ውጭ ልውጣ ብሎ ሲነሣ ዓይኑ ጨለመበትና በበሩ መቃን ላይ ተንሸራተተ። ደርሼ ያዝኩት። ቀለለኝ፤ አባቴ እንደዚያ መቅለሉ አስፈራኝ። እኔ ስፈራ ደግሞ እቆጣለሁ፣ እስከ ዛሬም እንዲሁ ነኝ። አልጋው ላይ መለስኩትና ጮህኩበት። ልትሞት ነው የፈለግኸው? እጅህ እንጨት ሆኖ እንዲወጣ ነው የፈለግኸው? እስከ ነገ ካልበላህ መሐላዬን አፍርሼ እናቴን አስጠራለሁ አልኩት።

ጮሄ ሳበቃ ቀስ ብሎ ተናገረ። "አባቴን በማንኪያ አበላሁት። በሰባተኛው ቀን ቀበርኩት። ልጅ በማንኪያ ካበላኝ አለቀልኝ ማለት ነው፣ ሔዋኔ።"

ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው ያን ቀን ሆስፒታል የወሰደን፣ ካሣዬ የሚባለው የሚዛን መስመር ሹፌር መኪናውን ደጃችን አቁሞ፣ በጨርቅ የታሰረ የበቆሎ ዱቄትና በቅል የተሞላ ቅቤ አወረደልኝ። እናትሽ ናት የላከችው፣ ገንፎ ተለማመጂበት ብላሻለች አለኝ። በስመ አብ! እኔ በዚህ ጭንቀት መሀል እሷ ሸኮ ተቀምጣ ለትዳር ታዘጋጀኛለች? ዱቄቱን ይዤ እያጉረመረምኩ ገባሁ። ግን ቤት ውስጥ ሌላ የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ ደግሞ አባቴ ገንፎ ይወዳል።

ውኃ ጣድኩ። ሲፈላ ዱቄቱን ገለበጥኩበት፣ አዎ፣ በአንዴ፣ ገለበጥኩበት። ማማሰያውን ይዤ ስታገል ድስቱ ውስጥ ድንጋይ የማማስል ይመስል ነበር። ከጓዳ የአባቴ ድምፅ መጣ፣ ጓጎለ እኮ አለኝ። አልጓጎለም አልኩ። ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል አለ። ላቤን እየጠረግሁ ሳማስል ከሥር ማረር ጀመረ። ያኔ አላስቻለውም። ሁለት ነጭ ግንድ የመሰሉ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ በግድግዳው እየተደገፈ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ደርሶ ቆመ። የመጀመሪያውን ለዶሮ ደፋነው፤ ዶሮዎቹም ቢሆኑ ቆም ብለው አስበውበት ነው የበሉት።

ሁለተኛውን እሱ እየነገረኝ እኔ ሠራሁ። ውኃው ጨው ገብቶበት ይፍላ፤ ከፈላው ላይ አንድ ኩባያ ቀንሰሽ ወደ ጎን አድርጊ፤ ዱቄቱን በአንድ እጅሽ በተን በተን እያደረግሽ በሌላው አማስይ፤ ሲጠነክርብሽ የጓጎለውን ከድስቱ ጎን ጋር እያስጠጋሽ ጨፍልቂው፤ አሁን ከቀነስሽው ውኃ ጠብ አድርጊና ክደኚው፣ እሳቱን ቀንሺ። እጁ አልሠራ ሲለው በአገጩ ያመለክተኛል። እያማሰልኩ ሳለ ወሬ ጀመረ። እዚህ አገር ሲመጣ ወንደላጤ ነበር፤ የሸኮ ሰው የሆኑት የቤት አከራዩ ናቸው ይህን ያስተማሩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ የበቆሎ ገንፎ እየበላ ነው የስፌት መኪናውን የገዛው። አሁንም ከእናትሽ ይልቅ ጥሩ አድርጌ አገነፋለሁ አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በሦስት ቀን ውስጥ ይህን ያህል ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ገንፎው ከማማሰያው ላይ አልጣበቅ ሲል፣ በቅቤ የታሸ ሳህን ላይ ገለበጥኩት። መሀሉን በማንኪያ አጎደጎድኩና ቅቤና በርበሬ ሞላሁበት። ከዚያ ማንኪያውን አነሣሁና መደርደሪያው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። አስቤበት አልነበረም። እጄን ታጠብኩ፣ ሳህኑን በመሀላችን አድርጌ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ እኔ በላሁ። ቀጥዬ ከዳሩ ቆረስ አድርጌ፣ ቅቤውን አስነክቼ፣ እፍ እፍ ብዬ ወደ አፉ ዘረጋሁ። አንገቱን ወደ ኋላ ሳበ።

"ይሄ ማብላት አይደለም አባባ" አልኩት። "አብረን እየበላን ነው፤ ጉርሻ ነው። ጉርሻ እንቢ ይባላል እንዴ?"

ጉርሻ እንቢ የማይባል መሆኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ያ ሁሉ ጨዋነቱ መጥቶ አፋጠጠው። እጄ እንደተዘረጋ ቆየ፤ ቅቤው በእጄ ላይ ወረደ።

"ጉርሻ ይመለሳል" አለኝ። "በምኔ ልመልስልሽ?"

"እጅህ ሲወጣ።"

አፉን ከፈተ። አላምጦ ዋጠና፣ ጨው አንሶታል አለ። በሳቅ ፈነዳሁ፤ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነብኝና በክንዴ ጠረግሁት። ሳህኑን ጨረስን።

ከዚያ ወዲያ ደንቡ ይሄ ሆነ፦ አባቴን ማጉረስ የሚፈልግ አብሮት ይበላል። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ መጡ፣ አብረው በሉ፣ አጎረሱት። የእድሩ ሰዎች መጡ፣ አቶ ተረፈም፣ በእኔ ሰላምታ ነው የወደቀው እያሉ ሙሉ ሙዝ የሚያህል ጉርሻ ያጎርሱት ነበር። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ገንፎ የማገነፋው ግን እኔ ነኝ! አምስት ሳምንት። ክንዴ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ክንድ ሆነ።

ጀሶው ሊቆረጥ ሚዛን ስንወርድ ደስ ብሎን ነበር። ሲቆረጥ ደስታችን ጠፋ። እጆቹ ከስተዋል፣ ቆዳቸው ተቀርፏል፣ ጣቶቹ አይገጥሙም። ሐኪሙ እስክሪብቶ ሰጠው፤ ያዘው፣ ወደቀበት። አጥንቱ በደንብ ገጥሟል፣ ጣቶቹ በሥራ ይፈታሉ፣ ትዕግሥት ነው የሚፈልጉት ብሎ አጽናናው። አባቴ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ፣ ግን መንገዱን ሙሉ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያያቸው ነበር። ሸኮ ስንደርስ መኪናው ይቁም አለ። የሕፃኑ ክርስትና ከነገ ወዲያ ነው፤ ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር የለም።

እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። አባቴ ሲያያት ቀኝ እጁን ወደ ባርኔጣው ሰደደ። ጣቶቹ አልያዙለትም፣ ባርኔጣው መሬት ወደቀ። እኔ አፌን ከፍቼ ላስረዳት ስል እሷ ጎንበስ ብላ አነሣችው፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችና ራሱ ላይ ደፋችለት።

"ያን ጋቢ የፈተልኩት እኔ ነኝ" አለችው። "እዚህ ቆሞ በነበረ መኪና ውስጥ አይቼ የማላውቀው መሰለህ?"

ያን ዕለት ጋቢውን በመስኮት አይታ፣ ካሣዬን ጠይቃ፣ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። እንድታውቅ ካልፈለገ አላውቅም ብላ አራሷን ስታርስ ቆየች። ምን እንደሚበላ ስላሳሰባት ዱቄቱን ላከች። ገንፎ ተለማመጂበት መባሌ ትዝ አለኝና ከእፍረቴ የተነሣ ወደ ጓዳ ገባሁ።

በክርስትናው ማግሥት፣ እንግዳው ሄዶ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ እናቴ የበቆሎ ገንፎ አቀረበች። አራት ሆነን አንድ ሳህን ከበብን። እናቴ ልታጎርሰው እጇን ስትሰድ ጠብቂ አላት። ቀኝ እጁን ወደ ሳህኑ ዘረጋ። ከዳሩ ሊቆርስ ሞከረ፣ ጣቶቹ አልዘጋ ብለው ተመልሶ ወደቀ። ደግሞ ሞከረ፣ ቅቤው ውስጥ ወደቀ። ፀደንያ ዓይኗን ልጇ ላይ አደረገች። በሦስተኛው በአውራ ጣቱ ጎን ገፍቶ ሰበሰበውና፣ በግራ መዳፉ ከሥር ደግፎ አነሣው። በሳህኑ ላይ አሻግሮ ወደ አፌ አመጣው። ግማሹ እሱ ራሱ የሰፋልኝ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ጎረስኩ።

"ይኸው" አለኝ። "ይመለሳል ብዬሽ አልነበር?"

አፌ ሙሉ ስለነበር ራሴን ነቀነቅሁለት። እንባዬ እየወረደ አላምጣለሁ፣ እሱ ደግሞ ሁለተኛውን ለመቁረስ ተመልሶ ሳህኑ ላይ አጎንብሷል።