የተጂ ሽማግሌዎችና የአባቴ አሮስቶ

የበሬ ጎድን ከነአጥንቱ ምድጃ ገብቶ ስቡ መቅለጥ ሲጀምር፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከጥብስ ቅጠሉ ጋር ተደባልቆ የሚወጣ አንድ ሽታ አለ። ዛሬም ያ ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ አፌ ምራቅ ይሞላል፣ ወዲያው ደግሞ አፍራለሁ።

አባቴ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ሰበታ ሰፈራችን ውስጥ ሁሉም «ጋሽ ንጉሤ ሼፉ» ይሉት ነበር፤ ቤት ውስጥ ግን ሼፉ ሽንኩርት እንኳ አይልጥም። በዓመት አንዴ ትልቅ ነገር ሲመጣ ብቻ ሽርጡን ታጥቆ፣ ሉካንዳው ጎድኑን ሳይከታትፍ እንዲሰጠው ተጨቃጭቆ፣ አሮስቶ ይሠራ ነበር። የቀረውን ዓመት የምታበላን ታላቅ እህቴ መሠረት ነበረች። እኔ እታለም ነበር የምላት። እናታችን አራት ዓመት ሳይሞላኝ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ክረምት ሲገባ ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው ጭቃ ጫማ ስለሚያስቀር፣ ትልቅ ልጅ ሆኜም ቢሆን አዝላ ታሻግረኝ፣ ሌሊት ደግሞ የበረደ እግሬን በሁለት እግሮቿ መሃል አስገብታ ታሞቀኝ ነበር።

ክረምቱ አልፎ ጤፉ ሲታጨድ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ወሬ መጣ፤ ተቃውሞ ተነሳ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መሬታቸው ወደ ከተማ ሊገባ ነው የተባሉት ጎረቤቶቻችን በየአጥሩ ሥር ቆመው ዝቅ ባለ ድምፅ ያወሩ ጀመር፣ እኛ ልጆች ስንቀርብ ደግሞ ስለ አዝመራው ይጠያየቃሉ። ስልኩም እንደ ልቡ አይሠራም ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ተጂ የሚያስተምር አንድ ወጣት እታለምን ሊያገባ ጠየቀ፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ሽማግሌ እንዲልክም ቀን ተቆረጠለት። አባቴ በልቡ እሺ ብሎ ጨርሶ ነበር፤ ቢሆንም ወጉ ነውና ሽማግሌዎቹን አቁሞ ዘር ማንዘራቸውን ሊጠይቅ፣ ከዚያ ልጁን ሰጥቶ በአሮስቶ ሊታረቃቸው ተዘጋጅቷል። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ብጠየቅ ኖሮ አልፈልግም እል ነበር።

ቅዳሜ ማታ ጎድኑን በጨው፣ በቁንዶ በርበሬና በነጭ ሽንኩርት አሽቶ አሳደረው። ቤታችን የዳቦ ምድጃ ስላልነበረው፣ እሁድ ዳቦው ወጥቶ የዳቦ ቤቱ ምድጃ በረድ ሲል ትሪውን ተሸክመን ወስደን አስገባነውና፣ እንዳይነካብን እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ በተፍኪ በኩል የተጂው መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል፣ መኪና አያልፍም የሚል ወሬ ደረሰ። አባቴ ወሬውን ሰምቶ መጣ፣ ምድጃውን ከፍቶ አየ፣ ዘጋ።

«አሮስቶ ሰው አይጠብቅም» አለ። «እስከ አሥር ሰዓት ካልመጡ ቀኑ ፈርሷል። ቀን ያላከበረ ልጄን አያከብርልኝም።»

እሱ ሲሄድ እኔ ደስ አለኝ። አምላኬን ድንጋዩ እንዳይነሳ ለመንኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሰው መጡ። መሃል ያሉት፣ ኋላ ስማቸው ኦቦ ቶላ መሆኑን ያወቅሁት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙና «ኢንተላ ኮ፣ ቢሻን ኑ ኦባሲ» አሉኝ፤ ልጄ ውሃ አጠጪን ማለታቸው ነው። ከዳቦ ቤቱ በጆግ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ጠጥተው አፋቸውን ሲጠርጉ በአማርኛ ቀጠሉ።

«ከተፍኪ ጀምሮ በእግራችን ነው። የምንሄድበት ቤት ደግሞ እሺ ሳንባል ውሃ አይቀመስም። የጋሽ ንጉሤን ቤት ታውቂዋለሽ?»

ያን ጊዜ ነው ማን እንደሆኑ የገባኝ። እጄ በራሱ ተነስቶ ወደ ወንዙ አመለከተ። «በዚያ በታች በኩል ነው» አልኳቸው። ቤታችን በላይ በኩል ነበር።

ኦቦ ቶላ ጆጉን በሁለት እጃቸው መለሱልኝና «ጉደዹ፣ እደጊ ልጄ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» ብለው መርቀውኝ ቁልቁል ሄዱ።

የሽማግሌ ምርቃት ምን እንደሆነ ማንም ልጅ ያውቃል፤ በውሸት የተቀበልኩት ምርቃት ዞሮ እርግማን ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም አንደኛው ያነክሱ ነበር። ከድልድዩ ሳይደርሱ ሮጬ ደረስኩባቸውና «ተሳስቼ ነው፣ ቤቱ የኛ ነው» አልኳቸው።

ኦቦ ቶላ ወደ እኔ ዞሩ። «ቤትሽ ጠፍቶብሽ ነዋ» ብለው እጄን ያዙ።

አባቴ ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ሲቆሙ ተነሳ፣ አቧራቸውን አየ፣ ያንን ሁሉ ያጠናውን ጥያቄ ዋጠው። «ልጄን ሰጥቻችኋለሁ፤ አሁን ተቀመጡና እግራችሁ ይታጠብ» አለ። ቤቱን እንዴት እንዳገኙት ሲጠይቃቸው ኦቦ ቶላ «ይቺ ልጅ ናት ያደረሰችን» አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። አባቴ ኮርቶብኝ፣ ጎድኑን ከዳቦ ቤቱ አምጥቶ አጥንት ላጥንት ከፍሎ ሲያቀርብ ዳር ዳሩ የተጠበሰውን ትልቁን ለኔ ሰጠኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥጋ አልበላሁም፤ ያኔም አልበላሁትም፤ እታለም እግራቸውን ስታጥባቸው እያየሁ በእጄ ይዤው ቀዘቀዘ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። በቀጣዩ ክረምት ጭቃውን ብቻዬን ተሻገርኩ።

ባለፈው ገና ተጂ እሷ ቤት ሄጄ፣ ጎድኑን እኔው ሠርቼ፣ ልጆቿ በልተው ወደ ውጭ ሲወጡ ያን ቀን ያደረግሁትን ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አጥንቱን ሳህኑ ላይ አስቀምጣ እጇን ጠረገች።

«እኔም እኮ ጓዳ ሆኜ ባይመጡ ብዬ ጧፍ ተስዬ ነበር» አለችኝ። «ሰውየውን ጠልቼው አይደለም። አንቺን ለማን ጥዬ ልሂድ ብዬ ነው።»

ያኔ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ሦስት ሽማግሌዎች በእግራቸው ደረሱብን። አሁን መንገዱ ክፍት ነው፣ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም፤ እኔና እታለም የምንገናኘው ለገናና ለፋሲካ ብቻ ነው።